የመምህር ሰይድ መስመር

ሮብ ማለዳ፣ ጎንደር

ባለቤቴ ሁለት ጋቢ ካልያዝክ አትወጣም ብላ በሩ ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። አንዱን ተደራድሬ አስቀረሁት። የወገራን ብርድ ለእኔ ትነግሪኛለሽ፣ ስድስት ዓመት ሙሉ አብሬው የኖርኩ ሰው ነኝ ብዬ ተኩራርቼ ወጣሁ። ማታ ላይ ክፉኛ ተጸጽቻለሁ፤ እስካሁን ግን አልነገርኳትም።

የምሄደው አስታ ሜዳ ነው። ከአምባ ጊዮርጊስ ወጣ ብሎ ያለ የገጠር ትምህርት ቤት ሲሆን፣ ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት ለመጀመሪያ ጊዜ ጠመኔ የጨበጥኩት እዚያ ነው። አሁን የምሠራው የሒሳብ ማስተማሪያ መሣሪያዎችን ለትምህርት ቤቶች በሚያዳርስ አንድ ቢሮ ውስጥ ነው። አምና ለአስታ ሜዳም አንድ ትልቅ የእንጨት ሣጥን ልከናል። በውስጡ ኪዩቦች፣ ክፍልፋይ የሚያሳዩ ክብ እንጨቶች፣ ሚዛን፣ ሚስማር የተደረደረባቸውና ላስቲክ እየተወጠረ ቅርጽ የሚሠራባቸው ሰሌዳዎች አሉ። ቅርጽ የሚሥል ሶፍትዌር የተጫነበት ላፕቶፕም አብሮ ሄዷል።

ዘንድሮ እየዞርን የምናየው ሣጥኑ ምን ላይ እንደዋለ ነው። የያዝኩት ቅጽ ብዙ መስመር አለው፤ ነገሩን የሚቆርጠው ግን አንድ ጥያቄ ነው፦ ተማሪዎች መሣሪያውን በእጃቸው ይሠሩበታል ወይ? መልሱ አዎ ከሆነ ሣጥኑ እዚያው ይቀራል። አይደለም ከሆነ ተነሥቶ ወረፋ ለሚጠብቅ የከተማ ትምህርት ቤት ይሰጣል። ሥራው ሲከፋፈል አስታ ሜዳን ለእኔ ስጡኝ ብዬ የለመንኩት ራሴ ነኝ። አሁን እዚያ ሒሳብ የምታስተምረው ትርንጎ የእኔ ተማሪ ነበረች። ስለዚህ ስለ መልሱ ቅንጣት ጥርጣሬ አልነበረኝም፤ የምሄደው ለሥራ ሳይሆን ለናፍቆቴ ነበር ማለት ይቀላል።

መናኸሪያ ስደርስ መጀመሪያ የጠየቅኩት ስለ ዋጋ ሳይሆን ስለ መንገዱ ነው። ሰላም ነው፣ ትናንትም መኪና ወጥቷል አሉኝ። እስከ አምባ ጊዮርጊስ መቶ ሃምሳ ብር ከፍዬ ሚኒባሱ እስኪሞላ አንድ ሰዓት ያህል ተቀመጥኩ። አጠገቤ የተቀመጡት ገበሬ አዲስ ማረሻ በጆንያ ጠቅልለው ጉልበታቸው ላይ አስተኝተዋል። ቦርሳዬ ውስጥ ምን እንዳለ ጠየቁኝና ሒሳብ ማስተማሪያ ኮምፒውተር ነው አልኳቸው። እኛ እንኳ በጣታችን ነበር የምንቆጥረው አሉ። እኔም ልክ ነዎት አልኳቸው፤ የእኛ ሣጥንም ከዚያ ብዙ የራቀ አይደለም።

ሽቅብ ወደ ወገራ

ወለቃን አልፈን ዳገቱን ስንያያዝ መስኮቱ በጉም ተሸፈነ። ኮሶዬ ላይ ግን ጉሙ ከበታች ቀረና ገደሉ ወለል ብሎ ታየ። ያኔ በመጀመሪያው ጉዞዬ እዚህ ቦታ ላይ አልቅሻለሁ። የሃያ ዓመት ልጅ ነበርኩ። የተወለድኩት ጎንደር አዲስ ዓለም ነው፤ አባቴ ቅዳሜ ገበያ ጨርቅ ይሸጥ ነበር፤ ከከተማ ወጥቼ አድሬ አላውቅም። ብቻዬን ሙስሊም ሆኜ እንዴት ነው የምኖረው፣ ምን ልበላ ነው እያልኩ ስጨነቅ ነበር የሄድኩት። ዛሬ በዚያው መንገድ ላይ ከሾፌሩ ጋር እየቀለድኩ መሄዴን ሳስበው ዕድሜዬ እንዴት እንደነጎደ ገረመኝ።

አምባ ጊዮርጊስ የገበያ ቀን ነበርና ሰው ከአህያ ጋር እየተጋፋ ያልፋል። አንድ ብርጭቆ ሻይ በአሥራ አምስት ብር ጠጣሁ፤ ሞቅ ያለ የገብስ ቆሎ በጋዜጣ አስጠቅልዬ ኪሴ ከተትኩ። ከዚያ ባጃጅ ጠጠሩ መንገድ እስከሚያልቅበት አደረሰችኝ፤ የቀረው የአንድ ሰዓት የእግር መንገድ ነው። ገብሱ ታጭዶ አውድማ ላይ ተከምሯል። ነዶ የተሸከሙ ሰዎች መንገድ እየለቀቁ ደኅና ዋልክ ይሉኛል። ድሮ በሩጫ የምወጣውን ዳገት ሦስት ጊዜ አርፌ ወጣሁት፤ ለሰበብ ያህል ሜዳውን የማደንቅ እመስል ነበር።

ስድስት ሰዓት አካባቢ፣ አስታ ሜዳ

በሩ ላይ የተቀበሉኝ አያ ዘለቀ ናቸው። የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ናቸው፤ በእኔም ጊዜ እሳቸው ነበሩ። ፀጉራቸው ነጥቷል እንጂ ድምፃቸው ያው ነው። እጄን ይዘው አልለቅ አሉ፤ ምነው እንዲህ ጠፋህሳ፣ ዓይንህን ሳናይ ልንሞት ነበር ብለው ወቀሱኝ። የጭቃው ክፍላችን ፈርሷል። በቦታው ቆርቆሮ ክዳን ያለው፣ ወለሉ ሲሚንቶ የሆነ አዲስ ሕንፃ ቆሟል። እኔ የተከልኩት ባሕር ዛፍ ተቆርጦ የመማሪያ ወንበር ሆኗል አሉኝና ሳቅን።

አምስተኛ ክፍል ገብቼ ከኋላ ተቀመጥኩ። ትርንጎ እያስተማረች ነበር። ቀጭን፣ ረጋ ያለች፣ ጽሕፈቷ እንደ መጽሐፍ የሆነ ሴት ሆናለች። አንድ ልጅ ጥቁር ሰሌዳው ላይ ያለውን ለማየት ወደ ፊት ሲንጠራራ ጓደኞቹ ከየአቅጣጫው «መስመር! መስመር!» ብለው አንሾካሾኩ፤ ልጁም እሳት እንደነካው ሁሉ ወደ ኋላ ዘሎ ተመለሰ። ወለሉን አየሁ። ከመምህሯ ጠረጴዛ አንድ እርምጃ ራቅ ብሎ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ በጠመኔ የተሠመረ ነጭ መስመር አለ። አጠገቤ የተቀመጠችውን ውዴ የምትባል ልጅ ምንድን ነው ብዬ ጠየቅኳት።

«የመምህር ሰይድ መስመር ነዋ» አለችኝ፣ ይህን የማያውቅ ሰው አለ ወይ በሚል ዓይን እያየችኝ።

መምህር ሰይድ እኔ ነኝ። ልጅቷ አታውቀኝም። ሃያ ሁለት ዓመት አልፎ፣ ክፍሉ ፈርሶ እንደገና ተሠርቶ፣ ስሜ በነዚህ ሕፃናት አፍ ውስጥ አለ! ስለ ቀጥታ መስመር ያስተማርኩት ትምህርት በአፈ ታሪክ ደርሷቸው ይሆናል ብዬ ገመትኩ። ለባለቤቴ እንዴት አድርጌ እንደምተርክላት ሁሉ እዚያው ተቀምጬ አሰላስያለሁ።

ሣጥኑ

ተማሪዎቹ ሲወጡ ትርንጎ ቁልፏን ይዛ ወደ ዕቃ ክፍሉ ወሰደችኝ። ፊቷ በኩራት ያበራል። ሣጥኑ በንጹሕ ነጠላ ተሸፍኖ ከወለል ከፍ ባለ ቦታ ተቀምጧል። ከፈተችው። ኪዩቦቹ አምና በደረደርናቸው አኳኋን ተደርድረዋል፤ የላስቲኮቹ ማሸጊያ አልተቀደደም፤ የሚዛኑ ሳህን ላይ የፋብሪካው ወረቀት እንደተለጠፈ ነው። ላፕቶፑ ከቦርሳው ወጥቶ ስለማያውቅ ባትሪው ሞቷል። የዕቃዎቹን ዝርዝር ከግድግዳው ላይ አንስታ ታነብልኝ ጀመር። አንድም አልጎደለም፣ አንድም አልተጫረም፣ በየሳምንቱ ዓርብ አቧራውን እጠርጋለሁ አለችኝ።

«ልጆቹስ?» አልኳት።

ልጆቹም አይተውታል አለች። አራት ጊዜ አውጥታ እያነሣች አሳይታቸዋለች፤ እነሱ ከመስመሩ ወዲያ ሆነው፣ እሷ ከመስመሩ ወዲህ።

«የነካው አለ?»

«ኧረ ማንም! እርስዎ አይደሉ እንዴ ያስተማሩኝ፣ መምህር» አለችና ሳቀች።

ከዚያ እንደ ጥሩ ትዝታ አድርጋ ነገረችኝ። እኔ ረስቼው ነበር፤ እየነገረችኝ ሳለ ግን ቁልጭ ብሎ መጣልኝ። በመጀመሪያው ዓመት ጎንደር ያለ አናጢ ጋ አሠርቼ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ክብ የሚሠራ ትልቅ የእንጨት ኮምፓስ አምጥቼ ነበር። በሳምንቱ አንዲት የአምስተኛ ክፍል ልጅ ጠመኔውን እንዴት እንደሚይዝ ለማየት አነሣችውና እግሩ ተሰበረ። እኔ በንዴት ጦፌ ጠመኔ አንሥቼ በጭቃው ወለል ላይ መስመር አሠመርኩ፤ ማንም ተማሪ እንዳያልፍ ከለከልኩ። ለልጅቷ ደግሞ እስከ ዓመቱ መጨረሻ እዚህ ድርሽ እንዳትዪ አልኳት። ያ መስመር ከእኔ በኋላ ከመምህር ወደ መምህር ሲተላለፍ ኖሮ፣ ቤቱ ሲፈርስ እንኳ በሲሚንቶው ላይ እንደገና ተሠምሯል።

«ልጅቷ እኔ ነበርኩ» አለችኝ ትርንጎ። «ዓመቱን ሙሉ ጥቁር ሰሌዳ ጋ አልወጣሁም። ያኔ ባይቆጡኝ ኖሮ ዕቃ መያዝ መች እለምድ ነበር?»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እመርጥ ነበር። እሷ ግን ምስጋና ነው የምትጠብቀው። ቅጹን እያየች «ይቀርልናል አይደል?» ስትለኝ መዋሸት አልቻልኩም። መሣሪያው የተላከው ልጆቹ እንዲነኩት እንደሆነ፣ ካልነኩት መልሰን እንደምንወስደው ነገርኳት። ፊቷ ሲለዋወጥ አየሁት። ነጠላውን አንሥታ ሣጥኑን መልሳ ሸፈነችና «ዓመት ሙሉ የጠበቅኩት እንዳይወሰድብን ብዬ እኮ ነው» አለች።

ማታ፣ አያ ዘለቀ ቤት

አያ ዘለቀ በድሮው ልማዳችን ለእኔ የሚሆን ድስት ለብቻው አስጥደው ጠበቁኝ። የገና ጾም ስለገባ የሥጋ ነገር አላስቸገረንም፤ የገብስ እንጀራ በድንች ወጥና በቃሪያ በላን። እዚህ በኖርኩባቸው ስድስት ዓመታት ሁሉ ዶሮ ሲገኝ በሕይወቱ አምጥተው አንተው እረደው ይሉኝ ነበር፤ የእኔን ድስት ማንም አይነካውም። ደግነታቸውን ሳስታውስ የእኔ ነገር የባሰ አሳፈረኝ። ጉዳዩን አንድ በአንድ ነገርኳቸው። እሳቸውም መስመሩን በጠፋ ቁጥር እኔ ነኝ የማድሰው አሉኝ፤ ያንተ ማስታወሻ ነው ብለው።

በቀጭኑ ጋቢዬ ተጠቅልዬ አባቴን አሰብኩ። ዘጠኝ ዓመቴ ላይ መቀሱንና የብረት ሜትሩን እጄ ላይ አስይዞ ቁረጥ ያለኝ እሱ ነው። ከልክ በታች ቆርጬ የደንበኛ ጨርቅ አበላሸሁና አለቀስኩ። ለደንበኛው ሌላ ጨርቅ ራሱ ቆርጦ ሰጠው፤ እኔን ነገ ደግመህ ትቆርጣለህ ከማለት በቀር አንድ ቃል አልተናገረኝም። ሒሳብን የወደድኩት በዚያ ሱቅ ነው። ታዲያ የአባቴን ልጅ ምን ነክቶት ነው አንዲትን ሕፃን ስለ አንድ የእንጨት እግር ዓመት ሙሉ ከሰሌዳ ያራቀው? የተበደለችው ልጅ አድጋ ደግሞ ቅጣቱን እንደ ትምህርት ይዛው ተገኘች። እንቅልፌ ከብርዱም ከሐሳቡም የተነሣ ጥሩ አልነበረም።

ሐሙስ ጠዋት

ትርንጎን ከደወሉ በፊት አገኘኋትና ይቅርታ ጠየቅኳት። ምን በወጣዎት ብላ ልታስቆመኝ ሞከረች፤ እኔ ግን ጨረስኩ። ከዚያ አንድ ነገር ጠየቅኳት፦ ዓመቱን ሙሉ ሰሌዳ ካልነካሽ ክብን እንዴት ተማርሽ? በአባቷ አውድማ ላይ ካስማ ተክላ በገመድ እየዞረች ክብ ትሠራ እንደነበር ነገረችኝ። ገመዱን ስታሳጥርና ስታስረዝም ዙሪያውን በእርምጃዋ ትለካ ነበር።

«በእጅሽና በእግርሽ ነዋ የተማርሽው» አልኳት። «እኔማ መች አስተማርኩሽ!»

ቅጹን የምሞላው ከመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ በኋላ ነው አልኳት። ይህ ማጭበርበር ከሆነ አጭበርባሪ ነኝ፤ አለቃዬም ይወቅብኝ። ሣጥኑን አያ ዘለቀና እኔ ተሸክመን ክፍል አስገባነው።

ተማሪዎቹ ፊት ቆምኩና መምህር ሰይድ እኔ ነኝ አልኳቸው። ውዴ አፏን በእጇ ያዘች። መስመሩን ያሠመርኩት ተናድጄ እንደነበር፣ እንደተሳሳትኩ፣ ከዛሬ ጀምሮ እንደሌለ ነገርኳቸው። ከዚያ የሚስማሩን ሰሌዳዎች በየወንበሩ አዞርኩ። ማን ይንካው! ሁሉም እጁን ብብቱ ውስጥ ከትቶ ትርንጎን ያያል። የእኔ ቃል ለእነሱ ምንድን ነው? የሚያውቋት እሷን ነው።

ትርንጎ ጠረጴዛዋ ጋ ቆማ ቆየች። ለእኔ ረጅም ጊዜ ነበር። ከዚያ መስመሩን አልፋ መጣችና ውዴ አጠገብ ከልጆቹ ወንበር ላይ ተቀመጠች። የላስቲኩን ማሸጊያ በጥርሷ ቀደደች። አንዱን አውጥታ በአራት ሚስማር ላይ ወጠረችና ቀጥይ ብላ ሰሌዳውን ለውዴ ገፋችላት። ከዚያማ ክፍሉ የንብ ቀፎ ሆነ። ሦስት ማዕዘን፣ ቤት፣ ማረሻ፣ አንዱ እንዲያውም በሬ ሠርቻለሁ ብሎ ቀንዱን ያሳየናል።

የእኔን ላፕቶፕ ከፍቼ ሶፍትዌሩ ላይ ሦስት ማዕዘን ሠራሁና አንዱን ጫፍ እንዲጎትቱ ፈቀድኩላቸው። ቅርጹ ይረዝማል፣ ይጠባል፣ ሦስቱ ማዕዘኖች በቁጥር ይለዋወጣሉ፤ ድምራቸው ግን መቶ ሰማንያ ላይ ቆሟል። አንድ ልጅ ደጋግሞ ጎተተና ዕቃው ተበላሽቷል፣ ይቺ ቁጥር አልንቀሳቀስ አለች ብሎ ከሰሰ። ትርንጎ ከሳቋ ጋር እየታገለች ከደብተሯ ወረቀት ቀድዳ ሦስት ማዕዘን ቆረጠች። ሦስቱን ጫፎች ቦጭቃ ጎን ለጎን ስትገጥማቸው ቀጥ ያለ ጠርዝ ወጣ። ልጆቹ ሁሉ ከየደብተራቸው ወረቀት ይቀድዱ ጀመር። እንዲህ ያለ ክፍል አስተምሬ አላውቅም ብል ውሸት አይደለም።

በዚህ መሐል ጧ! የሚል ድምፅ ተሰማ። የውዴ ላስቲክ ተበጥሷል።

ሁሉም እጁን ሰበሰበ። ውዴ ተነሥታ ቆመች። ምንም ሳትባል እጆቿን ወደ ኋላ አጣምራ አንገቷን ደፋች። ዓይኖቼን ከእሷ ሳነሣ ትርንጎ ደግሞ እኔን እያየችኝ ነበር። ሠላሳ ዓመት ያለፋት መምህርት አልነበረችም በዚያች ሰዓት። ልናገር አፌን ስከፍት ቀደመችኝ።

«ሌላ ላስቲክ አለ» አለች። «ተቀመጪና ጨርሺ።»

ውዴ ተቀመጠች። አያ ዘለቀ ከበሩ ሆነው ካነሰ ከአሮጌ ጎማ ቆርጠን እንሠራለን አሉ። እኔ ወደ መስኮቱ ዞርኩ፤ አለቀስኩ ብል ምን ነውር አለው፣ አልቅሻለሁ።

ቅጹን እዚያው ክፍል ውስጥ ሞላሁ። ጥያቄው ላይ አዎ ብዬ ጻፍኩ፤ ከታች ደግሞ አንድ ላስቲክ እንደተበጠሰ አከልኩ። የሞተውን ባትሪ ልቀይርላቸው ላፕቶፑን ወስጄ የእኔን ትቼላቸው ወጣሁ።

መልስ፣ ጎንደር

ከሰዓት በኋላ አምባ ጊዮርጊስ ስደርስ ወደ ጎንደር የሚወርድ አይሱዙ አገኘሁና ከገብስ ጆንያ ጋር ተጭኜ ወረድኩ። ቤቴ የገባሁት ለምሽቱ የመግሪብ ሶላት አዛን ሲደረግ ነው። ባለቤቴ መጀመሪያ የጠየቀችኝ ስለ ጋቢው ነበር፤ ሞቆኝ ነበር አልኳት።

ስሄድ የሚናፍቀኝ ያ ወጣት መምህር ነበር። ስመለስ ያን ያህል አልናፈቀኝም። እነ አያ ዘለቀን፣ ዳገቱን፣ የተለየልኝን ድስት እስከ ዕለተ ሞቴ እወዳቸዋለሁ። ግን አንድ መምህር ከሄደ በኋላ የሚቀረውን መርጦ እንደማይተው ገብቶኛል። ከስድስት ዓመት ትምህርት የቀረልኝ የአንድ ቀን ንዴቴ ነበር። ለሥራ ባልደረቦቼም ነገርኳቸው፦ ሣጥን ስንልክ የዕቃዎቹን ዝርዝር አብረን እንልካለን፤ ቢሰበር ችግር የለም የሚል ቃል ግን አንድም ቦታ አልጻፍንም። አሁን ከላይ ተጽፏል።

በአሥረኛው ቀን ትርንጎ ደወለችልኝ። ሰላምታውን ሳትጨርስ ወደ ጥያቄዋ ገባች። ውዴ ላስቲኩን ከአራት ማዕዘን ወደ ቀጭን ረጅም ቅርጽ እየቀየረች ሳለ ዙሪያው ሲጨምር በውስጡ ያለው ሜዳ እየቀነሰ መምጣቱን አይታ ለምን ብላ ጠይቃታለች። ክፍሉ ለሁለት ተከፍሎ ሲከራከር ሰንብቷል፤ አባቶቻቸውም መሬት ሲለካ እንዲህ ይሆናል ወይ ብለው ገብተውበታል። ሃያ ደቂቃ ያህል በስልክ ቅርጽ እየሣልን ተነጋገርን። ልንለያይ ስንል ዕቃው እንዴት ነው ብዬ ጠየቅኳት።

«ውይ፣ እሱን ረስቼው» አለች። «ሁለት ኪዩብ ጠፍቷል፣ የሚዛኑ ሳህንም ተጣሟል።»